የሁበርት ሰምሊን ጣቶች፦ የሀውሊን ዎልፍን ጊታሪስት አጨዋወት ለመማር የሚረዳ መመሪያ

ጂሚ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1967 በሞንተሬይ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ወጥቶ በመጀመሪያ የተጫወተው «ኪሊንግ ፍሎር»ን ነው። ሌድ ዘፕሊን በ1969 «ዘ ሌመን ሶንግ» ብሎ ያወጣው ዘፈን መሠረቱ ከዚያው ዘፈን የተወሰደ ነበርና የመብቱ ባለቤት የሆነው አሳታሚ በ1972 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በስምምነት አልቆ የቼስተር በርኔት ስም በደራሲነት ገባ። ቼስተር በርኔት ማለት በመድረክ ስሙ ሀውሊን ዎልፍ የሚባለው የብሉዝ ዘፋኝ ነው። በ1964 ቺካጎ ውስጥ፣ ዘፈኑ በሸክላ ሲቀረጽ ያንን የጊታር ሐረግ በጣቱ የተጫወተው ሰው ግን በክርክሩ ውስጥ የሚጠራበት ቦታ አልነበረውም። ሁበርት ሰምሊን ይባላል።

ስሙ ያልተነሳው በተንኮል ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን፣ ዘፈኑን ባወጣው በቼስ ኩባንያ ሸክላ መሃል ላይ የሚታተመው የዘፋኙና የደራሲው ስም ነበር። ዘፈኑን ከሌላ ዘፈን የሚለየው የጊታር ሐረግ ቢሆን እንኳ፣ ሐረጉን የፈጠረው ሰው የቀን ሥራውን ሠርቶ ክፍያውን ተቀብሎ እንደሄደ ይቆጠራል። ስለዚህ የሁበርትን አጨዋወት መማር የሚፈልግ ሰው በስሙ የወጣ ዝነኛ ዘፈን ቢፈልግ አያገኝም። የሚያገኘው ከሌላ ሰው ድምፅ ጀርባ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ኢ፣ ኤ እና ቢ ሰባት ኮርዶችን መያዝ ለሚችል፣ ኖታ ማንበብ ግን ለማይጠበቅበት ጊታር ተጫዋች ነው። ጊታር የማይጫወት አንባቢም ስለ መስማትና ስለ ማወዳደር የተጻፈውን ቢከተል የሚያተርፈው አለ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሰውየው ጥቂት

ሁበርት በ1931 ሚሲሲፒ ውስጥ ግሪንዉድ አቅራቢያ ተወልዶ አርካንሳስ፣ ሂውዝ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ አደገ። ልጅ ሳለ ዎልፍን ለማየት ብሎ ሕፃን ወደማይገባበት ጭፈራ ቤት ሄደ። የለስላሳ ሳጥኖች ደራርቦ በመስኮት ሲያጮልቅ ሳጥኖቹ ከዱትና በመስኮቱ በኩል ዘፋኙ ላይ ወደቀ። ዎልፍ ሥራውን ጨርሶ ልጁን እናቱ ዘንድ አደረሰውና እንዳይቀጡት ለመነለት። ይህን ታሪክ ሁበርት እስከ እርጅናው ድረስ ሲያወራው ኖሯል፤ ሳጥኑ በየጊዜው ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም ብሎ መጠርጠር ግን አያስቀይምም።

በ1954 ዎልፍ ወደ ቺካጎ አስጠራው። በ1956 ለጥቂት ወራት ወደ ብሉዝ ዘፋኙ መዲ ዋተርስ ባንድ ከመሄዱ በቀር፣ ዎልፍ በጃንዋሪ 1976 እስኪሞት ድረስ አብሮት ቆየ። ግንኙነታቸው የአባትና የልጅ ያህል ነበር፤ ተጣልተው እስከ መደባደብ፣ ጥርስ እስከ መወላለቅም ደርሰዋል። ያው ዎልፍ ደግሞ ለባንዱ አባላት የሥራ አጥነት መድንና የጡረታ መዋጮ የሚከፍል፣ ያኔ በብሉዝ ቤት ያልተለመደ አሠሪ ነበር። ሁበርት ስኬሎችን በወጉ እንዲያውቅም ቺካጎ ወደሚገኝ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ልኮታል። እናም አጨዋወቱ «ያልተማረ ሰው ልቡ እንደመራው የነካካው» ነው የሚሉትን መስማት አያስፈልግም። ስኬሉን ያውቀዋል፤ የሚጠቀመው ግን ሲፈልግ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጆሮ

ጊታሩን ከማንሳትዎ በፊት ሦስት አልበሞች ይፈልጉ፦ በ1959 የወጣውን «ሞኒን ኢን ዘ ሙንላይት»፣ በ1962 የወጣውንና ሽፋኑ ላይ ተወዛዋዥ ወንበር ያለበትን «ሀውሊን ዎልፍ»፣ እንዲሁም «ኪሊንግ ፍሎር» የሚገኝበትን «ዘ ሪል ፎክ ብሉዝ»። ሦስቱም ቀደም ብለው በነጠላ ሸክላ የወጡ ዘፈኖች ስብስብ ናቸው። ገንዘብም ሆነ ጊዜ የሚያጥረው ሰው ሁለተኛውን ብቻ ይያዝ፤ «ስፑንፉል»፣ «ዋንግ ዳንግ ዱድል»፣ «ባክ ዶር ማን»፣ «ሼክ ፎር ሚ» እና «ጎይን ዳውን ስሎው» በአንድ ሽፋን ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በዎልፍ ዘፈን ውስጥ ጊታር የተሰማ ሁሉ የሁበርት አይደለም። በ1951 የተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ላይ የሚሰማው ሻካራና ወፍራም ጊታር የዊሊ ጆንሰን ነው፤ ያኔ ሁበርት ገና ቺካጎን አላየም። በ1954ቱ ሥራዎች ላይ ደግሞ በአብዛኛው ፊት የሚወጣው ጆዲ ዊሊያምስ ነው። «ዘ ሬድ ሩስተር» ላይ ክሩን በብረት እያንሸራተተ የሚጫወተውም ራሱ ዎልፍ ነው። በ1956 በወጣው «ስሞክስታክ ላይትኒንግ» ላይ ሁበርትና ዊሊ ጆንሰን ሁለቱም አሉ፤ ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ ለይቶ መስማት ጥሩ የጆሮ ልምምድ ነው።

አሰማምዎም ሥርዓት ይኑረው። አንዱን ዘፈን፣ «ጎይን ዳውን ስሎው»ን እንበል፣ ሦስት ጊዜ ያዳምጡ። በመጀመሪያው ዙር ድምፁን ብቻ ይከተሉ። ይህ ዘፈን ላይ ዎልፍ ሲዘፍን የቤዝ ተጫዋቹ ዊሊ ዲክሰን ደግሞ መሃል እየገባ ይናገራል፤ ስለዚህ ጊታሩ የሚያስተናግደው ሁለት ሰው ነው። በሁለተኛው ዙር ወረቀት ይዘው ጊታሩ ብቅ ባለ ቁጥር ጭረት ያድርጉ። በሦስተኛው ዙር ጊታሩ ዝም ያለበትን ቦታ ብቻ ያድምጡ። ሦስተኛው ዙር አሰልቺ መስሎ ይታያል፤ ከሦስቱ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን እሱ ነው። ጊታሩ የሚጠፋው ተጫዋቹ የሚጫወተው አጥቶ እንዳልሆነ የሚገባዎት እዚያ ላይ ነው።

ፒኩን ማስቀመጥ

ሁበርት መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ሰው በፒክ ይጫወት ነበር። ዎልፍ ግን አልወደደለትም፤ ጊታሩ ድምፁን ይጋፋበታል። ሁበርት ደጋግሞ እንደሚናገረው፣ ዎልፍ አንድ ቀን ያለ ፒክ መጫወት እስክትችል አትምጣ ብሎ ወደ ቤቱ ሰደደው። ቤቱ ተቀምጦ በባዶ ጣቱ ሲሞክር፣ እስከ ዕለተ ሞቱ የተለየበትን ድምፅ አገኘ።

እርስዎም ፒኩን ኪስዎ ውስጥ ሳይሆን ሌላ ክፍል ያኑሩት። አውራ ጣትዎን ለሦስቱ ወፍራም ክሮች (ለ6ኛው፣ ለ5ኛውና ለ4ኛው)፣ አመልካች ጣትዎን ለ3ኛውና ለ2ኛው፣ የመሃል ጣትዎን ለ1ኛው ይመድቡ። ክሩን የሚነካው ጥፍር ሳይሆን የጣት ሥጋ ይሁን። ልዩነቱን ለመስማት 2ኛውን ክር በባዶው አንድ ጊዜ በጥፍር፣ አንድ ጊዜ በሥጋ ይምቱ፤ የመጀመሪያው ብርጭቆ የተነካ ይመስላል፣ የሁለተኛው ዙሪያው ለስለስ ይላል።

ቀጥሎ ያው አንድ ክር ላይ ይቆዩና የድምፅ መጠን ይለማመዱ። መጀመሪያ ክሩን ነካ ብቻ ያድርጉት፣ ራስዎ በጭንቅ እስኪሰሙት ድረስ። ቀስ በቀስ ጉልበት ይጨምሩ። መጨረሻ ላይ አመልካች ጣትዎን ከክሩ ሥር አስገብተው ወደ ላይ ሳብ አድርገው ይልቀቁት፤ ክሩ ጣውላው ላይ «ጧ» ብሎ ይመለሳል። ሁበርት ከሹክሹክታ ወደዚህ ጧታ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘላል፤ በሸክላዎቹ ላይ አድማጭን የሚያስበረግጉት ድንገተኛ ነጥቦች አብዛኞቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። ፒክ የያዘ ሰው ይህን ያህል ርቀት በአንድ ትንፋሽ መጓዝ ይከብደዋል።

ጣት መጀመሪያ ላይ ያማል። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ቆዳው እስኪጠነክር መታገስ ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አይጨነቁ። ሁበርት በዎልፍ ዘመን ከያዛቸው ጊታሮች ይበልጥ የሚታወቀው በ1950ዎቹ አጋማሽ የተሠራ፣ ፊቱ ወርቃማ የሆነ ጊብሰን ሌስ ፖል ነው፤ ዛሬ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ማንኛውም ኤሌክትሪክ ጊታር ይሆናል። አምፕሊፋየሩን ቀስ ብለው ሲነኩ የጠራ፣ ኃይለኛ ሲመቱ ብቻ ትንሽ ሻከር የሚል ቦታ ላይ ያድርጉት። ዲስቶርሽን ፔዳል ከተጨመረ ሹክሹክታውም ጩኸቱም እኩል ይሆንና ከላይ የተለፋበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። አኩስቲክ ጊታር ብቻ ያለው ሰውም መማር ይችላል፤ ቀጫጭን ክር ቢያስገባ ግን ክሩን ለመግፋት ይቀለዋል።

በአንድ ኮርድ መኖር

ብሉዝ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው 12 ባር ይቆጥራል። የዎልፍ ባንድ ግን አንድ ኮርድ ላይ ተቀምጦ ሙሉ ዘፈን ማድረስ ያውቅበት ነበር። «ስሞክስታክ ላይትኒንግ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከኢ አይነቃነቅም፤ «ስፑንፉል»ም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነው። ኮርድ የማይለወጥ ከሆነ ዘፈኑን ወደፊት የሚነዳው ምንድን ነው? ሪፉ ነው፤ ያቺ ተደጋጋሚ አጭር የጊታር ሐረግ። እሷ ከተበላሸች መደበቂያ የለም።

ልምምዱ እንዲህ ነው። እግርዎ አራት ምት ይምታ። አውራ ጣትዎ 6ኛውን ክር በባዶው፣ በየምቱ ሳይሆን በአንደኛውና በሦስተኛው ምት ላይ ብቻ ይንካ። ከላይ ሦስት ድምፆች ብቻ ይኑሩዎት፦ 2ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ዲ፣ 1ኛው ክር በባዶው ኢ፣ 1ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ጂ። ከሦስቱ አንድ አጭር ሐረግ ይፍጠሩና ለአምስት ደቂቃ ሳይለውጡ ይደጋግሙት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እጅዎ አንድ ነገር ልጨምር ይላል። አይፍቀዱለት። መለወጥ የሚፈቀደው አመታቱን ብቻ ነው፤ አንዱን ዙር ለስለስ፣ አንዱን ጠንከር፣ አንዷን ድምፅ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ማድረግ።

ከዚያ ጂ ላይ ሥራ አለ። 1ኛውን ክር 3ኛ ፍሬት ላይ እንደያዙ ወደ 2ኛው ክር አቅጣጫ በጣም ጥቂት ገፋ ያድርጉት። ድምፁ ከጂ ተነሥቶ ጂ ሻርፕ ሳይደርስ መሃል መንገድ ላይ ይቁም። 4ኛውን ፍሬት መትተው ያመሳክሩ፤ እኩል ከመጣ በጣም ገፍተዋል ማለት ነው። ብሉዝ የሚኖረው በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

የአማርኛ ዘፈን ሰምቶ ላደገ ጆሮ እዚህ ላይ ጥቅምም ወጥመድም አለ። ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ የሚሉት አምስት ድምፆች ከባቲ ማይነር ቅኝት ጋር አንድ ናቸው። ስለዚህ ስኬሉን ለመያዝ ጊዜ አይፈጅም፤ ጣት ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። ወጥመዱ ደግሞ ጣት የሚያውቀውን ዜማ ይዞ መሄዱ ነው፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚወጣው ያማረ ባቲ ይሆንና ብሉዙ ይጠፋል። የሚለየው ያ በጂና በጂ ሻርፕ መሃል የሚንጠለጠለው ድምፅ ነውና እሱን እስኪይዙ ድረስ ዜማ ለመሥራት አይቸኩሉ።

ለድምፅ መልስ መስጠት

የሁበርት አጨዋወት ማዕከሉ ይህ ክፍል ነው፤ ሌላውን ሁሉ ዘለው ይህን ቢሠሩ እንኳ አይከስሩም።

የተለመደው 12 ባር ብሉዝ ሦስት ስንኝ አለው፤ ለእያንዳንዱ ስንኝ አራት ባር ይደርሰዋል። ዘፋኙ የሚዘፍነው በግምት ሁለቱን ባር ነው። የቀሩት ሁለት ባሮች ክፍት ናቸው፤ የጊታሪስቱ ቤት እዚያ ነው። በኤ የሚሄድ ዘፈን ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች ኤ፣ ቀጥሎ ሁለት ዲ፣ ሁለት ኤ፣ አንድ ኢ፣ አንድ ዲ፣ ሁለት ኤ ይሆናሉ። «ኪሊንግ ፍሎር» በኤ ነው፤ የተቀመጠውም በዚሁ ባለ 12 ባር ቅርጽ ላይ ነው።

ይህን ዘፈን በደንብ ያዳምጡት። በዲ ጋይ አኩስቲክ ጊታር ይዞ ምቱን ያንቀሳቅሳል፤ ሳክስፎኖች አሉ፤ ፒያኖ አለ፤ ሳም ሌይ ድራም ላይ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ በያዘ ክፍል ውስጥ ሁበርት ሪፉን የሚደግመው ማንም ላይ ሳይወጣ ነው። የዎልፍ ድምፅ ሲገባ ጊታሩ ዝቅ ይላል፤ ድምፁ ሲያርፍ አፍንጫውን ብቅ ያደርጋል። ዎልፍ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ድምፁ ከአካሉ የማያንስ ሰው ነበር። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር በጩኸት የሚወዳደር ጊታሪስት መሸነፉ አይቀርም፤ ሁበርትም አልተወዳደረም።

ለልምምዱ መሣሪያው የስልክዎ መቅጃ ነው። አራት ባር እየቆጠሩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች አንድ ስንኝ ያንጎራጉሩ፤ ግጥም ካልመጣ «ላላላ» ይበቃል። በቀሪዎቹ ሁለት ባሮች በጊታር ይመልሱ። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መልሱ ከአራት ድምፅ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ የድምፅዎ የመጨረሻ ፊደል ሳያልቅ ጊታሩ አይጀምርም። ቀድተው መልሰው ሲሰሙት ሁለተኛውን ሕግ ስንት ጊዜ እንደጣሱት ያያሉ፤ ጊታሪስት ሁሉ ይጥሰዋል።

ይህ ሲለምድ ከሦስቱ ስንኞች አንዱን ያለ መልስ ይተዉት። ሙሉ ሁለት ባር ዝምታ ረጅም ነው፤ እግርዎ ካልቆጠረ ይጠፋብዎታል። ሁበርት ግን ይህን ያደርገዋል፤ የሚቀጥለው ስንኝ ላይ ሲመለስም አንዲት ድምፅ ብቻ ይዞ መጥቶ ያን ሁሉ ዝምታ ይሞላዋል።

ማንሸራተት፣ መዝለል፣ ማቋረጥ

ሁበርት የሚታወቅበት ሌላው ነገር በክሩ ላይ ሽቅብና ቁልቁል መንሸራተቱ ነው። ብረትም ጠርሙስም ሳያስገባ፣ በባዶ ጣቱ። ማሲንቆ ሰምቶ ያደገ ሰው ለዚህ ድምፅ እንግዳ አይደለም፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በደረጃ ሳይሆን በዳገት የሚሄድ ነው። በጊታር ላይ ግን ፍሬቶቹ መሃል ላይ ይንኳኳሉ፤ ጣት ካልጠነከረም ድምፁ መንገድ ላይ ይሞታል።

1ኛውን ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ይያዙ፤ ኤ ነው። ይምቱና ጣትዎን ሳያነሡ እስከ 12ኛው ፍሬት፣ እስከ ኢ ያንሸራቱ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ በአንድ ምት ውስጥ። የጣቱ ጫና መንገዱን ሁሉ እኩል ይሁን። ወደ ታች ያለው ይከብዳል። ከ12ኛው ይምቱና ወደ ታች ያውርዱት፤ ነገር ግን የትም ለመድረስ አያስቡ። 5ኛው ፍሬት አካባቢ ሲደርስ በቀኝ እጅዎ መዳፍ ክሩን ዳበስ አድርገው ያፍኑት። ድምፁ የተቆረጠ ሳይሆን ከጥግ የታጠፈ መምሰል አለበት። አብዛኛው ተማሪ የሚበላሽበት ቦታ ይህ ነው፤ መድረሻ ድምፅ ካልያዘ ያልጨረሰ ይመስለዋል።

ሁሉንም ባንድ ላይ ለመስማት በ1963 የተቀረጸውን «ሂደን ቻርምስ»ን ያውጡ። ጊታሪስቶች የሁበርትን ሶሎ ሲጠሩ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ይህን ነው። አጭር ነው፤ ግን ሐረጎቹ እርስ በርስ እየተጠላለፉ፣ ሊወድቁ ሲሉ እየተነሡ ይሄዳሉ። ለመማር ሲሞክሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይያዙት። የስልክ ማጫወቻዎች ፍጥነት መቀነስ ይችላሉና በግማሽ ፍጥነት ከፍተው የመጀመሪያዎቹን አራት ባሮች ብቻ በአፍዎ ይዝፈኑ። በአፍ የማይዘፈን ሐረግ በጣት አይመጣም። አፍዎ ከያዘው በኋላ ጊታሩ ላይ ይፈልጉት፤ በየትኛው ክር እንደተጫወተው ለማወቅ መጨነቅ ትርፍ ድካም ነው።

ማየት የሚፈልግ ሰውም አልተረሳም። በ1964 የአሜሪካ ፎክ ብሉዝ ፌስቲቫል የሚባለው የሙዚቃ ጉዞ ዎልፍንና ሁበርትን ወደ አውሮፓ ወስዷቸው ለቴሌቪዥን ተቀርጸዋል፤ ዊሊ ዲክሰን ቤዝ፣ ሰኒላንድ ስሊም ፒያኖ ላይ ናቸው። ዎልፍ ካሜራውን ሁሉ ስለሚወስደው ሁበርትን ለማየት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ብቅ ሲል ቀኝ እጁን ይመልከቱ።

የተወሰደውን ማወዳደር

አሁን ተፅዕኖውን መለካት ይቻላል። ሦስቱን «ኪሊንግ ፍሎር»ዎች በተከታታይ ይስሙ፦ የ1964ቱን፣ የሄንድሪክስን የ1967ቱን፣ የሌድ ዘፕሊንን የ1969ኙን። ሄንድሪክስ ፍጥነቱን እጅግ ጨምሮታል፤ የሌድ ዘፕሊን ጊታሪስት ጂሚ ፔጅ ደግሞ አወፍሮታል። ሁለቱም ሪፉን ወስደዋል። ሁለቱም ያልወሰዱት ክፍቱን ቦታ ነው። «ስፑንፉል»ም ላይ እንዲሁ ነው፤ ዎልፍ ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የጨረሰውን ዘፈን ክሪም የተባለው ባንድ በ1968 ባወጣው የመድረክ ቅጂ ከ16 ደቂቃ በላይ ሄዶበታል። ድንቅ ሙዚቃ ነው፤ ከሁበርት ትምህርት ቤት የወጣ ግን አይደለም።

ከሁሉም የሚያስተምረው የ1970ው የለንደን ቀረጻ ነው። ቼስ ኩባንያ ዎልፍን ከእንግሊዝ ሮክ ተጫዋቾች ጋር ሊያስቀርጸው ሲያስብ ሁበርትን ለማምጣት ሐሳብ አልነበረውም፤ ኤሪክ ክላፕተን ነው ሁበርት ካልመጣ ያለው። መጣ። በ1971 በወጣው አልበም ላይ ግን ፊት የሚሰማው ክላፕተን ነው፤ ሁበርት ሪትም ይዟል። ፈጣሪው ከኋላ፣ ተማሪው ከፊት። አልበሙ ላይ «ዘ ሬድ ሩስተር» ከመጀመሩ በፊት የነበረው ንግግር እንዳለ ቀርቷል፤ ዎልፍ አኩስቲክ ጊታር ይዞ ለእነዚያ ታዋቂ ወጣቶች የት ላይ እንደሚገቡ ሲያሳያቸው ይሰማል። ለ12 ባር ተማሪ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል።

ጊታሪስቶቹ ኪት ሪቻርድስ፣ ስቲቪ ሬይ ቮን፣ ክላፕተን ሁሉም ሁበርትን በስሙ ጠርተው አመስግነውታል። በ2008 ወደ ብሉዝ የዝና አዳራሽ ገባ። በ2011 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ባወጣው የ100 ታላላቅ ጊታሪስቶች ዝርዝር 43ኛ ሆነ፤ ዝርዝሩ በወጣ በቀናት ውስጥ፣ ዲሴምበር 4 ቀን በ80 ዓመቱ ኒው ጀርሲ ውስጥ አረፈ። የቀብሩን ወጪ የሮሊንግ ስቶንስ ባንድ አባላት የሆኑት ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ሸፈኑ።

ከዘፋኝ ጋር መቀመጥ

ብቻዎን የተለማመዱት ሁሉ የሚፈተነው ሰው ሲዘፍን ነው። የሚዘፍን ጓደኛ ይፈልጉ፤ ብሉዝ ማወቁ ግዴታ አይደለም። በኢ አንድ ሪፍ ይያዙለትና እንደፈለገ ያንጎራጉር። አንድ ሥልጣን ብቻ ይስጡት፦ ጊታሩ ድምፁን በሸፈነው ቁጥር እጁን ያንሣ፤ እርስዎም ወዲያው ያቁሙ። መጀመሪያ ቀን እጁ አይወርድም። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ዘፋኙ ራሱ መቼ እንደሚመልሱለት እየጠበቀ ስንኙን ማሳጠር፣ ቦታ መተው ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ከአራት ድምፅ የማይበልጠውን ሕግ ማንሳት ይቻላል፤ አምስተኛዋ ድምፅ ካስፈለገች።

ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ ሄዶ ጆዲ ዊሊያምስንና ዊሊ ጆንሰንን መስማት ይጠቅማል፤ ሁበርት ከማን ጎን ቆሞ እንደተማረና ከማን እንደተለየ ይታያል። ወደፊት መሄድ የሚመርጥ ሰው ደግሞ ሁበርት በሰባዎቹ ዕድሜው ከኪት ሪቻርድስና ከኤሪክ ክላፕተን ጋር ያወጣውን «አባውት ዜም ሹዝ» የተሰኘውን አልበም ይፈልግ። ዘፈኖቹ በአብዛኛው የመዲ ዋተርስ ናቸው፤ በ1956 ለጥቂት ወራት ብቻ የሠራለት የዚያ ሰው።